ቀድሞ የሚሰቀለው ቀይ ብርድ ልብስ

ወንዙ ከባህር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የተሠሩት ቤቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል። ከመካከላቸው የሰገነቱን ብረት ዝገት የበላው አንድ ባለ ሦስት ፎቅ አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን አሮጊት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። እማማ በዕድሜያቸው ያልፈሩት ነገር የለም። የመስኮት ነፋስ ይፈራሉ፤ ጸጉር ሳይደርቅ ከቤት መውጣት ይፈራሉ፤ ዓሣ እየበሉ ማውራት ይፈራሉ፤ ደረጃ ላይ የተተወ ብስክሌት ካዩ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩት ይውላሉ። የሴት ልጃቸው ባል መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው፤ እማማ መርከቡ እንዳይሰጥም ሳይሆን ሰውየው ትኩስ ዘይት ይዞ እንዳይንሸራተት ነው የሚጨነቁት። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈሩት ከሰገነታቸው ሥር ያለውን ውሃ ነበር።

ውሃው እንዲህ ነው። ወንዙ ወደ ባህር ይወርዳል፤ ይሄ የወንዝ ሁሉ ወጉ ነው። እዚህ ግን በየቀኑ ባህሩ ይነሳና ወንዙን ደረቱን ገፍቶ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከዚያ ደግሞ ይሸሻል። ሲሸሽ ሰው ቤት አምሽቶ እንደሚወጣ እንግዳ ነው፤ በር ላይ ይቆማል፣ ያወራል፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ሌላውን ይጎትታል። ሲመለስ ግን ዕቃ እንደረሳ ሰው በሩን በርግዶ ይገባል። በሸሸ ጊዜ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይወጣል፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የአሸዋ ጉብታ። ዛጎል ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው እዚያ ድረስ ይሄዳሉ። ተንኮሉ ያለው በጉብታውና በዳርቻው መካከል ነው። እዚያ አንድ ቦይ አለ፤ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። ጉብታው ላይ ያለ ሰው እግሩ ደርቆ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ባህር ገና ሩቅ ሆኖ፣ ከኋላው ተዘግቶበት ያገኘዋል።

የእማማ ባል በሕይወት ሳሉ አሸዋ ያወጡ ነበር። ያኔ ነው እማማ ቀዩን ብርድ ልብስ ሰገነቱ ላይ መስቀል የጀመሩት። ውሃው ሊዞር ሲል ይሰቅሉታል፤ ባላቸው ቀና ብለው ያዩና አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። ሰውየው ዕድሜ ጠግበው አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። እማማ ይህን ያደረገው ብርድ ልብሱ ነው ብለው ያምናሉ፤ ማን ያውቃል፣ ሊሆንም ይችላል። ከዚያ በኋላም አልተዉትም። ዛጎል ለቃሚዎቹ ሁሉ ሰገነቱን እያዩ ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ግን ነበር። እማማ ፍርሃታቸው አላስቀምጥ ስለሚላቸው ብርድ ልብሱን ሁልጊዜ አስቀድመው ነው የሚሰቅሉት፤ በጥቂትም አይደለም፣ በብዙ። ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ ብርድ ልብሱ ወጥቶ ይውለበለባል። ይህን ከእማማ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለቃሚዎቹ ቀና ብለው ያዩና፣ “ወጣ፤ እንግዲህ አንድ ቅርጫት ሞልተን እንነሳለን” ይባባላሉ። ቅርጫቱ ሲሞላ ትክክለኛው ሰዓት ይደርሳል። እማማ ሰዉ በእርሳቸው ትእዛዝ ወዲያው የሚነሳ ይመስላቸዋል፤ ሰዉም አይነግራቸውም። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይጎዳ ስንት ዓመት ኖሯል።

በዚያ ሰሞን የልጅ ልጃቸው ለእረፍት መጥታ ነበር። ሚጣ ነው የሚሏት፤ ትልቅ ሴት ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ስለ ኮከቦች እየተመራመረች እንኳን ሚጣ እንደሆነች ቀረች። ስትመጣ ከልብሷ ይልቅ ሽቦና ብሎን በዝቶ ነበር ሻንጣዋ ውስጥ። አንድ ውሃ መለኪያ መሣሪያ ጉብታው ላይ ካለው አሮጌ የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶ ላይ አሰረች። እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ።

የሥራ ቀን ባልሆነ አንድ ጠዋት እማማ ወጥ ቤት ቆመው ለዳቦ ሊጥ ያሻሉ። ልጃቸው፣ የሚጣ እናት፣ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ በዚያ ቀን ቤት ስለሆነች ጸጉሯን ጠቅልላ ሻይ ትጠጣለች። ሚጣ የጭቃ ጫማዋን ታጠልቃለች።

“ቆይ እስቲ አስረጂኝ፤ ኮከብ የምታጠኚ ልጅ ጭቃ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?” አሉ እማማ። “ኮከብ ወደ ላይ አይደለም እንዴ?”

“ዛሬ ነው የመጨረሻው እማማ። መሣሪያውን ፈትቼ ላመጣው ነው።”

“የጠየቅሁሽን አልመለስሽም።”

ሚጣ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው በካልሲ ሆኖ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ከሊጡ ቆንጥራ ሁለት ኳስ ሠራች።

“እነዚህ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ናቸው እንበል። ስፋታቸው ከዚህ ከተማ ብዙም አይበልጥም። ክብደታቸው ግን ከፀሐይ ይበልጣል።”

“የከተማ ስፋት ይዞ ከፀሐይ የሚከብድ?” አሉ እማማ። “ምን በልቶ?”

“ራሱን ተጭኖ ተጭኖ። አሁን እርስ በርስ ይዞራሉ፤ እየዞሩም ይቀራረባሉ። ጨረቃ ይሄን ውሃችንን ትጎትተው የለ? እነሱም እንደዚያው ይጎታተታሉ። ሩቅ ሳሉ ክብ ናቸው። ሲቀራረቡ አንዱ ሌላውን እየሳበ ሞላላ ያደርገዋል።” ኳሶቹን በጣቷ ትንሽ ትንሽ ሳበቻቸው። “ልብ በይ፣ ገና አልተነካኩም።”

“ሳይነካኩ?”

“ሳይነካኩ። ውስጣቸው ምን እንዳለ ማንም ገብቶ አያይም። ግን ምን ያህል እንደተለጠጡ ካወቅን ጠንካራ ይሁኑ ለስላሳ ይሁኑ መናገር እንችላለን። ጠንካራው ቢሳብም ብዙ አይለወጥም። ለስላሳው ይለጠጣል።”

“ወንዙስ?”

“ወንዙ የሰው ዓይን የሚያየው ነው። መምህሮቼ ፊት ቆሜ ሳስረዳ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳያቸው። ጨረቃ ስትስበው ወዲያው እሺ አይላትም፣ ይዘገያል፤ አፉ ጠባብ ነው፣ ሥሩ ጭቃ ነው። እንዴት እንደሚመልስላት ከለካሽ ሥሩን ሳታዪ ሥሩን ታውቂያለሽ።”

እማማ ሊጡን እያሹ አሰቡ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የገባቸው መሆኑን ግን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። “እኔስ የትኛው ነኝ? ጠንካራው ነኝ ለስላሳው?”

“አንቺማ ይሄው ነሽ” አለች ሚጣ ሊጡን እያሳየች። “እኔ ገና በሩን ስከፍት ትለጠጫለሽ።”

እናትየዋ ሻይዋ ትን አላት። “ብርድ ልብሱስ! ጨረቃዋ ገና ልሳብ አልሳብ ብላ ሳታስብ የእማዬ ብርድ ልብስ ወጥቶ ይጠብቃታል። እኛ እኮ ሰፈር ውስጥ የሚሉንን ብትሰሚ።”

“ምን ይላሉ?” አሉ እማማ።

“ምንም፤ ይወዱሻል።”

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። ክፋት የለውም፤ ቤተሰብ ነው። እማማም ሳቅ አሉ፣ ግን እጃቸው ሊጡ ውስጥ ቆመ። ሰው በሚሞትለት ነገር ሲሳቅበት ትንሽ ይሰማዋል።

ሚጣ ጫማዋን አጥልቃ ስልኳን ኪሷ ልትከት ስትል እማማ ቀሟት። “ይሄን ተዪው። ባለፈው ጭቃው አንዱን ውጦብሽ የለ? ስልክ እያወጣሽ ጎንበስ ቀና ስትዪ ደግሞ ትወድቂያለሽ።”

“እሺ እማማ።”

“አንገትሽን ሸፍኚ። ቦዩ ውስጥ ውሃ ካየሽ እግርሽን እንዳትከቺ፤ ምሰሶዋን ያዢና ቁሚ፣ ሰው ይመጣልሻል። ሰምተሻል?”

“ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ።”

“ብርድ ልብሱ ሲወጣ ትመጫለሽ።”

“እመጣለሁ” አለች ሚጣ፤ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ደረጃውን በሩጫ ወረደች። እማማ “አትሩጪ!” ያሉት ለባዶ ደረጃ ነበር።

እማማ ሊጡን በሳህን አድርገው በጨርቅ ሸፈኑትና ሰገነት ላይ ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት ከአየር ጠባዩ ቀጥሎ ውሃው የሚዞርበትን ሰዓት ይናገራል፤ እማማም ሰምተውታል። ከዚህ በፊት ያንን ሰዓት የሚሰሙት ከእሱ ለመቅደም ነበር። ዛሬ ግን ለራሳቸው አንድ ነገር ቆርጠዋል። እስቲ ያዩኛል፣ አሉ በልባቸው። ሬዲዮው ያለው ሰዓት ሳይደርስ ንቅንቅ አልልም። ከዚህ በኋላ ማን እንደሚስቅ እናያለን።

ሰው አይይባቸው እንጂ ያን ቀን ሰገነት ላይ ያዩት አበሳ ሌላ ነው። ብርድ ልብሱ ጭናቸው ላይ ነው። እጃቸው ይሄዳል፤ ይመልሱታል። ሚጣ ከሩቅ ትንሽ ሰማያዊ ነገር ሆና ጭቃውን ስታቋርጥ ትታያቸዋለች፤ ቦዩን ተሻገረች፣ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለች። እማማ ተነሱ። ተቀመጡ። የግድግዳውን ሰዓት በመስኮት አዩት፤ የቆመ መሰላቸው። ወደ ቤት ገብተው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት። ይሄዳል። መልሰው ወጡ። ውሃው ገና ወደ ባህር እየሸሸ ነው። እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡበት፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ክፍል ተማሪ።

በመጨረሻ ሰዓቱ ደረሰ። እማማ ቀጥ ብለው ተነሱና ቀዩን ብርድ ልብስ ብረቱ ላይ አንጠለጠሉት። ኮሩ። እንዲህ ኮርተው አያውቁም።

ልጃቸው ጸጉሯን ፈትታ እያበጠረች ወጣች። ብርድ ልብሱን አየችና ፈገግ አለች። “ሰቀልሽው? እንግዲያ ዳቦውን ተረጋግተን እንጋግራለን፤ ለመምጣት ገና ናት።”

“እንዴት ገና ናት? አሁን ትመጣለች።”

“አንቺ ከሰቀልሽ በኋላ ስንት ጊዜ አለ እማዬ።”

“ዛሬ አልቀደምኩም” አሉ እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው። “ሬዲዮው ባለው ሰዓት ነው የሰቀልኩት። ልክ በሰዓቱ።”

ማበጠሪያው ጸጉሯ ውስጥ ቆመ። “ምን አልሽ?”

“በሰዓቱ።”

“ለሚጣ ነግረሻታል?”

“ምኑን ነው የምነግራት? ብርድ ልብሱ ሲወጣ ትመጣለች።”

“አትመጣም” አለች ልጃቸው፤ ድምጿ ቀጠነ። “እማዬ፣ ብርድ ልብሱ ሲወጣ ማንም አይመጣም። ሁሉም ገና ነው ብሎ ነው የሚቀመጠው። አባቴም እንደዚያ ነበር። አንቺ ስለምትቀድሚ ሁላችንም ቀንሰን ነው የምናስበው። ሚጣ ደግሞ መሣሪያው ውሃው የሚዞርባትን ቅጽበት እንዲይዝላት እስከ መጨረሻው እቆያለሁ ብላኛለች።”

እማማ ለአንድ አፍታ ተቆጡ። ስንት ዓመት ሙሉ። ባላቸው ሳይቀሩ። ቁጣው ግን ልባቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም። ወደ ጉብታው አዩ። ሰማያዊዋ ነገር ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ አየች፤ እጇን እንኳ አወዛወዘች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ሥራዋ ጎንበስ አለች።

የሚጣ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነፋሱ ከባህር ስለሆነ ጩኸት ወደዚያ አይሄድም። የዕረፍት ቀን ስለነበር ጭቃው ላይ አንድም ለቃሚ የለም፤ ቢኖር ቦዩን አይቶ ይጠራት ነበር።

እማማ ወደ ቤት ገቡና የአልጋ አንሶላቸውን ገፈፉት። ሰቀሉት። የጠረጴዛ ልብሱን ሰቀሉት። መጋረጃውን ከነዘንጉ አወረዱት። ልጃቸው የራሷን አልጋ ገፈፈች። የሰገነቱ ብረት በጨርቅ ተሸፈነ፤ ቤቱ በሙሉ ተገልብጦ ውጭ የወጣ ይመስል ነበር። ሚጣ ድጋሚ ቀና አለች። አየች። እንደገና እጇን አወዛወዘች። ልብስ ያጠቡ መስሏታል።

“ወደ እደርሳለሁ” አሉ እማማ።

እደርሳለሁ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ስሙን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ ስትጠራው “እደርሳለሁ” ይላል፣ መጥቶ የማያውቅበት ጊዜ የለም፣ በጊዜ የመጣበትም የለም። እማማ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ደረጃውን የሚወርዱት ሲታመሙ ወይም ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን ብርድ ልብሱን ከብረቱ ላይ መንጭቀው ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጃቸው በልጃቸው ትከሻ ላይ ሆኖ ወረዱ።

እደርሳለሁ የጀልባዋ ጎን ላይ ተቀምጦ መረብ ይሰፋል። ጀልባዋ ጭቃው ላይ ተኝታለች።

“ሚጣ ጉብታው ላይ ናት” አለች ልጃቸው። “ውሃው ዞሯል።”

“ብርድ ልብሱ አሁን አይደል የወጣው?” አለ እደርሳለሁ።

“በሰዓቱ ነው የወጣው” አሉ እማማ።

ሰውየው መርፌውን ጣለ። ተነስቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየ፤ ቦዩ ውስጥ አንድ ቀጭን የሚያብለጨልጭ ነገር እየተሳበ ሲገባ ታየው። ሦስቱም ጀልባዋን ገፉ። እማማም ገፉ። አልነቃነቅ አለች። ጭቃው ከሆዷ ተጣብቋል።

“ውሃ ከሌለ አትሄድም” አለ እደርሳለሁ እያለከለከ። “እማማ፣ ይበቃዎታል፣ ይቀመጡ። ውሃው እዚህ ሲደርስ ራሱ ያነሳታል። ያኔ ደርሼ አመጣታለሁ።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ሲደርስ።”

“አንተ ደግሞ!”

“እኔ ምን ላድርግ እማማ፤ የማዘው እኔ አይደለሁም።”

ሚጣ አሁን ተነስታለች። ከኋላዋ ያለውን ቦይ አይታለች። መሣሪያውን አቅፋ ወደ ቦዩ ስትሮጥ ከዳርቻው ታየች፤ ጫፉ ላይ ደርሳ አንድ እግሯን ከተተች። እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ግን ብርድ ልብሱን ደረታቸው ላይ ጨብጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምሰሶዋን ያዢ። ምሰሶዋን ያዢ የኔ እናት። ሚጣ ጥቂት ቆመች። ከዚያ እግሯን አወጣችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ወደ ምሰሶው።

“ሰማችኝ” አሉ እማማ።

“ከዚህ ሆነሽ?” አለች ልጃቸው።

“ቀድማ ሰምታኛለች።”

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ቦዩ ሞላ። ጉብታው ከዳር ዳሩ እየተበላ ጠበበ። ጀልባዋ ያለችበት ግን ገና ጭቃ ነው። እዚህ ላይ ነው እማማ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን ያደረጉት። ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡና ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት ቆሙ። ያን ውሃ ዕድሜ ልካቸውን ቆይ ሲሉት ነው የኖሩት። በመስኮት፣ በሰገነት፣ በሕልማቸው፣ ቆይ፣ ገና፣ ሰው አለ፣ ቆይ። አሁን ጎንበስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያወሩ፣ “ና” አሉት። “ና እንጂ። ቶሎ በል። እባክህ ና።”

ሲመጣ እንደ ምላስ ነበር፤ ስስ፣ አረፋ ያለው፣ ገለባና ላባ የሚገፋ። መጀመሪያ የእማማን ጣት ነካ። ቀዝቃዛ ነው። አለፋቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘ። ከኋላቸው ጀልባዋ እንደሚነቃ ሰው አንድ ጊዜ ተንፈስ አለች፤ ጎኗ ተላቀቀ፣ ትንሽ ተወዛወዘች።

“አሁን” አለ እደርሳለሁ። ገፋት፣ ዘሎ ገባ። ያን ሰው በሩጫ ያየው ማንም አልነበረም፤ ያን ቀን ሲቀዝፍ ያየው ግን ከዚያ ወዲያ በስሙ አልሳቀም። ውሃው ወደ ዳርቻው ይገፋው ነበር፤ እሱ ግን ቦዩን ሰንጥቆ ሄደ። ሚጣ ምሰሶውን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ መሣሪያውን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ፣ ውሃው ከጉልበቷ በላይ ደርሶ ቆማለች። ጀልባዋ ምሰሶው ጋ ስትደርስ አንድ ሆኑና አልለይ አሉ፤ ከዚያ ተለያዩ፤ ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰው ታየ።

 ልጃቸው እማማን ብብታቸውን ይዛ ከውሃው አወጣቻቸው።

ሚጣ ስትወርድ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። እማማ ቀዩን ብርድ ልብስ ጠቀለሉባትና ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክተው አዩ፤ የጎደለ የሚፈልጉ ይመስል። “አንገትሽን ሸፍኚ አላልኩሽም?” አሉ። ሌላ ቃል አልመጣላቸውም።

እደርሳለሁ መቅዘፊያውን እያስቀመጠ፣ “እንግዲህ ደረስኩ” አለ።

“ደረስክ የኔ ልጅ” አሉ እማማ፤ እጁን ይዘው ሳሙት። ሰውየው ያንን አልጠበቀም፤ መረቡን ለማንሳት ዞር አለና ብዙ ቆየ።

ቤት ሲገቡ አልጋዎቹ ሁሉ ራቁታቸውን ናቸው፣ መስኮቱ መጋረጃ የለውም፣ ብርሃኑ ቤቱን ሌላ ቤት አስመስሎታል። ሚጣ ደረቅ ልብስ ለብሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። 

“ስትሰቅዪው አይቼው ነበር” አለች። “ገና ነው ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ለምን ዛሬ በሰዓቱ አደረግሽው?”

እማማ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው ጠረጉ። “ስለሳቃችሁብኝ” አሉ።

እናትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። “እኔ ነኝ የሳቅሁት።”

“ተይ አሁን። ልጅቷ ቤት ናት።” እማማ ተነሱ፤ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ምድጃ መሄድ ዐመላቸው ነው። የሊጡን ጨርቅ ሲያነሱ ሊጡ ሳህኑን ሞልቶ፣ ከአፉ ፈስሶ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ረስተውት ነበር።

ሚጣ አየችው። ልታለቅስ ነው ሲባል ሳቋ አመለጣት። “ተመልከቺ፤ አንቺን መስሏል።”

“አፍሽን ያዢ” አሉ እማማ፤ እሳቸውም ግን እየሳቁ ነበር፤ እየሳቁም እንባቸው ይወርዳል፤ ሊጡን ከጠረጴዛው እየላቀቁ አንገታቸውን ያዞራሉ።

ሚጣ ተነስታ ከኋላቸው አቀፈቻቸው። “ምሰሶው ጋ ቆሜ አንቺን እያየሁ ነበር። ውሃ ውስጥ ስትገቢ። ከውሃው ይልቅ አንቺ እንዳትወድቂ ነው የፈራሁት።”

“እኔ ደግሞ አንቺ።”

“እንደዚያ ነው እኮ። አንደኛው ብቻ አይጎትትም፤ ሁለቱም ናቸው የሚለጠጡት። ጠዋት ሳልነግርሽ ወጣሁ።”

“ይሄንንማ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ” አሉ እማማ። “አሁን ልቀቂኝ፣ ይሄ ነገር ካልተጋገረ ይኮመጥጣል።”

“አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ከነገ ጀምሮ ብርድ ልብሱን እንደ ድሮሽ ስቀዪው። ቀድመሽ። እኛ በአንቺ ፍርሃት ልክ ነው ሰዓታችንን የሞላነው፤ አታበላሺብን።”

እማማ ሊጡን ለሁለት ከፈሉና ምጣዱ ላይ አሳረፉት።

ዳቦው ከጎን ትንሽ አረረ፤ በሉት። እማማ ከበሉ በኋላ ወደ ሰገነት ወጡ። ውሃው ሞልቶ ግድግዳው ድረስ ደርሷል፤ ምሰሶው አይታይም፣ ጉብታው አይታይም፣ እደርሳለሁ ዳር ያሰራት ጀልባ ከፍ ብላ ገመዷን ትጎትታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱን ዘግተው ይገቡ ነበር። አሁን ግን ብረቱን ተደግፈው ቆዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ውሃ ጋር ተጣልተው ኖሩ፤ አንድ ቀን ና ሲሉት ግን መጣላቸው። የሰጣቸውን ጥሩ ነገር ሁሉ እያሰቡ የላይኛውን ጌታ አመሰገኑ። ከዚያ አልበቃቸውም፤ ወደ ታች ጎንበስ አሉ።

“አንተንም” አሉ። “አመሰግናለሁ። ደግሞ አትልመድ።”

“እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” አለች ልጃቸው ከውስጥ።

“ከማንም። በሩን ዝጊው፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል።”

በማግስቱ ለቃሚዎቹ ገና ጭቃው ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን ቅርጫት ሳይይዙ አንዷ ቀና ብላ አየችና ጎኗ ያለችውን ነካች። ውሃው እየሸሸ ነው፤ ባህሩ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። ቀዩ ብርድ ልብስ ግን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ይውለበለባል። ከአጠገቡ ደግሞ፣ ለማንኛውም ብለው፣ አንድ ነጭ አንሶላ።

“ኧረ ዛሬስ ባሰባቸው” አለች ሴትዮዋ።

“ይባስባቸው” አለች ሁለተኛዋ፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። “እንግዲህ ሦስት ቅርጫት እንሞላና እንነሳለን።”